የልጅ አልጋ ከስር ወደ ላይ ይመረጣል፦ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ቤታችን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከገባን በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን፣ የልጆቹን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ላሰጣ ብዬ ከወለሉ አነሣሁት። ከስሩ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከሴራሚኩ ጋር ተጣብቆ የከረመው ጨርቅ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ይመስል ነበር። ስፖንጁን በመዳፌ ስጫነው እርጥበቱ እጄን ነካኝ፤ ሽታው ለዓመታት ሳይከፈት የኖረ ሣጥን ሽታ ነው። ከላይ ንጹሕ አንሶላ፣ በሥዕል ያጌጠ አልጋ ልብስ ነበረው። ሁለት ልጆቼ በዚያ ፍራሽ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ተኝተዋል።

አልጋ ስንገዛ ብዙዎቻችን ከላይ እንጀምራለን። የመኪና ቅርጽ ያለው ራስጌ፣ ሮዝ ቀለም፣ የአንበሳ ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ዓይናችንን ይይዘዋል፤ ገንዘቡ እዚያ ያልቅና ለፍራሹ የተረፈው ይደርሰዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከወለሉ ይጀምሩ፣ ወደ አልጋው እግር ይውጡ፣ ከዚያ ወደ አግዳሚ ጣውላው፣ ወደ ፍራሹ፣ በመጨረሻም ወደሚለበሰው። ገንዘብ ካጠረ ከላይ ካለው ይቀነስ እንጂ ከስር ካለው አይቀነስ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ከዳርቻ ሠፈር ወደ መሀል ከተማ ለሚማር ልጅ፣ ሰርቪስ ሳያመልጠው ገና ሳይነጋ ለሚነሣ ልጅ፣ ያችኑ ሰዓት ሳይቆራረጥ መተኛት ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ክፍሉንና ደረጃውን ይለኩ

ሜትር ይዘው የሚለኩት የመኝታ ክፍሉን ብቻ አይደለም። የክፍሉን በር፣ የዋናውን በር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕንፃውን ደረጃ መታጠፊያ ይለኩ። አብዛኞቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። የመጀመሪያውን አልጋ ያሠራሁት አናጺ ራስጌውንና ግርጌውን ከጎኑ ጋር በሙጫና በሚስማር አንድ አድርጎ ገጥሞት ነበር። አራት ሰው ተሸክሞት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። በመጨረሻ እዚያው ደረጃው ላይ በመጋዝ ተቆረጠ፤ ያ አልጋ ከዚያ በኋላ ጠንክሮ አልቆመም። ስለዚህ ለአናጺው የመጀመሪያው ቃልዎ ይህ ይሁን፤ «በብሎን የሚፈታና የሚገጠም ይሁን።»

ቀጥሎ የሚቆምበትን ቦታ ይምረጡ። ከሁለት በኩል የውጭ ግድግዳ ያለው ማዕዘን ለልጅ አልጋ አይሆንም። በክረምት ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ የክፍሉ እርጥበትም እዚያው ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ለማወቅ ማለዳ ላይ መዳፍዎን በየግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። አልጋውን ከሌላ ክፍል ጋር ወደሚያዋስነው ግድግዳ ያስጠጉ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ወይ ጥብቅ አድርገው ያስጠጉት ወይ በደንብ ያርቁት፤ ልጅ ተንሸራትቶ ሊጣበቅበት የሚችል ጠባብ ክፍተት በፍራሹና በግድግዳው መካከል እንዳይኖር።

መስኮት ስር አልጋ አይቁም። ብርዱ አንድ ነገር ነው፤ ፎቅ ላይ ለምንኖር ግን ትልቁ ፍርሃት አልጋው ለልጁ መወጣጫ መሆኑ ነው። የመጋረጃ ገመድም ከአልጋው አጠገብ አይንጠልጠል።

ደረጃ 2፦ በዕድሜው ይወስኑ

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደንቡ ጥብቅ ነው። በጀርባው ይተኛ፤ ፍራሹ ጠንከር ያለና ዝርግ ይሁን፤ አልጋው ውስጥ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ ለስላሳ መከለያ አይኑር። ለሚበርደው ሕፃን መፍትሔው ልብስ መደረብ ወይም እንደ ከረጢት ተሰፍቶ እጁን የሚያወጣ፣ ፊቱን የማይሸፍን የመኝታ ልብስ ነው። በእኛ ዘንድ ሕፃን ከእናቱ አይለይም፤ ይህም ጥሩ ነው፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቢተኛ ይመከራል። ነገር ግን መኝታው ለብቻው፣ ከእናቱ አልጋ ጎን ቢሆን ይሻላል። ጋቢና ቡሉኮ የሕፃኑን ፊት ሊሸፍኑ ይችላሉ። ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ መተኛት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

የሕፃን አልጋ ሲገዙ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያረጋግጡ። ሜትር ካልያዙ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይውሰዱ፤ ጣሳው በዘንጎቹ መካከል ካለፈ አልጋው ይቅርብዎ። ፍራሹን አስገብተው በጎኑ በኩል ጣትዎን ይሞክሩ፤ ሁለት ጣት በምቾት ከገባ ፍራሹ ለአልጋው ጠቧል ማለት ነው።

ልጁ መከለያውን ተሻግሮ መውጣት ሲሞክር ወደ ዝቅተኛ አልጋ የማዛወሪያው ጊዜ ደርሷል። ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ላይ ቢወድቅ የማይጎዳው፣ አንድ ጎኑ የተከለለ አልጋ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ «የልጅ መጠን» የሚባለውን አጭር አልጋ አይግዙ። 90 በ190 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ይግዙ፤ እስከ ጉርምስና ያደርሰዋል፤ ፍራሽና አንሶላም በየገበያው በዚህ ልክ ይገኛል። ዘመድ አዝማድ ከክፍለ ሀገር የሚመጣበት ቤት ከሆነ ሜትር ከሃያው ይበልጥ ይጠቅማል።

ተደራራቢ አልጋ ጠባብ ክፍል ላላቸው ቤተሰቦች ትልቅ መፍትሔ ነው፤ ግን ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከላይ አይተኛ። የላይኛው መከለያ በአራቱም በኩል ይኑር፤ ግድግዳ አለ ተብሎ አንዱ ጎን አይተው። መከለያው ከፍራሹ ላይኛ ገጽ ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከአልጋው እንጨት ሳይሆን ከፍራሹ ላይ ነው የሚለካው። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። አልጋው ሲገዛ መከለያው በቂ ነበር፤ በኋላ ወፍራም ፍራሽ ሲገባበት ከፍታው ይጠፋል። በመከለያው ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተትም ከ9 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። መሰላሉ በብሎን የታሰረ ይሁን።

ደረጃ 3፦ እንጨት ነው ብረት?

የፈረንጅ ጥድ በደንብ ከደረቀ ለልጅ አልጋ ይበቃል። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ግን በበጋው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። መድረቁን ለማወቅ ጣውላውን ያንሡት፤ እርጥብ እንጨት ከሚጠበቀው በላይ ይከብዳል፣ በመዳፍ ሲነካም ይቀዘቅዛል። ትናንሽ ቀዳዳዎችና ዱቄት የሚመስል ብናኝ ካዩ በነቀዝ ተበልቷልና ይተዉት።

ከተጨመቀ እንጨት የሚሠሩት ኤምዲኤፍ አልጋዎች ያምራሉ፤ ነገር ግን እርጥበት ጠላታቸው ነው፤ ሽንት ወይም ወለል ሲታጠብ የሚረጭ ውሃ ከነካቸው ጫፋቸው ያብጣል። አዲስ ሲሆኑ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካላቸው መስኮት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ያህል ይናፈሱ፤ ልጁ እስከዚያ ሌላ ቦታ ይተኛ። ከቱቦላሬ የተበየደ የብረት አልጋ ለትኋን መደበቂያው ያነሰ ነው፤ ብየዳው ላይ ግን እጅዎን ያሳልፉ፤ የሚቧጭር ሹል ጫፍ በሞረድ ሊለሰልስ ይገባል። የቱቦው አፍም በፕላስቲክ ክዳን ይዘጋ።

ስለ ቀለም አንድ ቃል። ትናንሽ ልጆች የአልጋውን ጠርዝ ይነክሳሉ። በአገራችን ሕግ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ አናጺው የሚቀባውን ቀለም ከነቆርቆሮው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ምንነቱ ካልታወቀ ቀለም ያልተቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ የተፈገፈገ እንጨት ይሻላል።

ከአናጺ ጋር ሲዋዋሉ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የእንጨቱ ዓይነት፣ የአግዳሚ ጣውላው ውፍረት (ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር)፣ በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት (ከ7 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ)፣ አልጋው ከወለል ያለው ከፍታ (መጥረጊያ የሚያስገባ ያህል)፣ የማስረከቢያ ቀን። አልጋው ሜትር ከሃያ ከሆነ መሀሉ ላይ ተጨማሪ እግር ያለው ተሸካሚ ያስጨምሩ። አልጋው ከስሩ በኮምፔንሳቶ ሙሉ በሙሉ እንዲደፈን አይፍቀዱ። አየር ካላለፈ የእኔ ቤት ወለል ላይ የሆነው አልጋው ላይ ይደገማል። ሰው ሲተኛ ከገላው እርጥበት ይወጣል፤ ያ እርጥበት በፍራሹ ውስጥ አልፎ ቀዝቃዛና ዝግ ነገር ሲያገኝ እዚያው ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ፍራሹን በሚዛን ይግዙ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በየሱቁ የምናገኘው በአብዛኛው ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። ሁሉም ሲገዛ ሙሉና ለስላሳ ነው፤ ልዩነቱ ከስድስት ወር በኋላ መሀሉ ሲጎደጉድ ይመጣል። ነጋዴው «ኦርጅናል ነው» ይላል፤ ጨርቁም ያምራል። እውነቱን የሚናገረው ክብደቱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 90 በ190 ሆኖ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ሩብ ሜትር ኩብ ከጥቂት ይሆናል። የስፖንጁ ጥግግት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ከሆነ ፍራሹ 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 25 ኪሎ ከሆነ 6.4፤ 30 ከሆነ 7.7። ለሚያድግ ልጅ 25 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። የጨርቁ ልብስ ጥቂት ስለሚጨምር እሱን ግምት ውስጥ ያስገቡ። እኔ አሁን ያለንን ፍራሽ የገዛሁት በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ይዤ ሄጄ ነው። ከውጭ ሲታዩ የማይለያዩ ሁለት ፍራሾችን አንጠለጠልሁ፤ አንዱ ከአምስት ኪሎ በታች ሆነ፣ ሁለተኛው ሰባት አለፈ። የዋጋቸው ልዩነት ከክብደታቸው ልዩነት በጣም ያነሰ ነበር። ነጋዴው መጀመሪያ ገረመው፤ ቀጥሎ ሌሎቹንም ራሱ እያነሣ ይሰጠኝ ጀመር።

ሚዛን ከሌለ በጡጫ ይሞክሩ። ጡጫዎን አጥብቀው ተጭነው ታችኛውን ጠረጴዛ ከነኩት ስስ ነው። እጅዎን ሲያነሡ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ይተዉት። ዚፕ ያለውን ይምረጡ፤ ከፍተው ውስጡን ይመልከቱ። አንድ ወጥ መሆን ያለበት ስፖንጅ ቁርጥራጭ ተለጣጥፎ የተሠራ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። ዚፑ ልብሱን አውልቆ ለማጠብም ያስፈልጋል።

የጥጥ ፍራሽ ያላችሁ አትጣሉት። ይሞቃል፣ አየር ያሳልፋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምትና ኅዳር ፀሐዩ ሲበረታ፣ ጥጡ ተፈትቶ ተፍታቶ እንደገና ቢሰፋ አዲስ ይሆናል። ችግሩ ክብደቱና አንዴ ከረጠበ አለመድረቁ ነው፤ አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ካለ ስፖንጅ ይቀላል።

የሚሸና ልጅ ካለም ፍራሹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ የማያሳልፍ፣ ላዩ ጨርቅ የሆነ ሽፋን ይልበስ። ባዶ ላስቲክ ማንጠፍ ያልባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንኮሻኩሻል፤ ለሕፃን ደግሞ አፍና አፍንጫው ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል አደገኛ ነው። እስከ አምስት ዓመት አልፎ አልፎም ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ መሽናት የተለመደ ነገር ነው፤ ልጁን አይቆጡት።

ደረጃ 5፦ ሙቀቱን ከስር ይስጡት

በእኛ ሠፈሮች ብርዱ የሚብሰው ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው፤ ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ ከእኛም ትብሳላችሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ብርድ ልብስ ይደርባል፤ ልጁ ግን አሁንም ተኮራምቶ ያድራል። ምክንያቱ ብርዱ ከስር መምጣቱ ነው። ከላይ ያለው ብርድ ልብስ አየር ይዞ ያሞቃል፤ ከገላው ስር ያለው ነገር ሁሉ ግን በክብደቱ ይጨፈለቃል። ስስ ስፖንጅ በአግዳሚ ጣውላ ላይ ሲሆን ደግሞ ከአልጋው ስር ያለው ቀዝቃዛ አየር ይደርስበታል።

ስለዚህ አንድ ብርድ ልብስ ከላይ ከመጨመርዎ በፊት አንዱን ወደ ታች ያውርዱት፤ በፍራሹና በአንሶላው መካከል። የመንዝ ባና ካለ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ሱፍ ሲጨፈለቅም ሙቀት ይይዛል። ሻካራ ስለሆነ ገላ እንዳይነካ አንሶላ ይሸፍነው። ባና ከሌለ ያረጀ ወፍራም ብርድ ልብስ ለሁለት ታጥፎ ይነጠፍ። እኛ ቤት ይህን ካደረግን በኋላ ትልቋ ልጄ ካልሲ አድርጋ መተኛት አቆመች።

ከላይ ደግሞ ቀላል ቀላል ልብሶችን ይደራርቡ። በመጀመሪያ ጋቢ ከአንሶላው በላይ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ በየድርቡ መካከል አየር ይይዛል፤ ሲታጠብም ይበልጥ ይለሰልሳል። ለልጅ ሽሮ ሜዳ ሄደው ትንሽ ጋቢ ማሠራት ይቻላል፤ የአዋቂን ጋቢ ለሁለት መቁረጥም ይሆናል፣ ጫፉ ይዘምዘም። የአዋቂ ቡሉኮን ግን ለትንሽ ልጅ አይደርቡ፤ ከብዶት መገላበጥ ያቅተዋል፣ ፊቱ ላይ ሲመጣ ለማንሣት ይቸገራል።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። የከሰል ማንደጃ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል አይግባ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ለቡና ተፈልቶበት የተረፈውን ፍም «ለልጆቹ ክፍሉን ያሙቅላቸው» ብሎ ማስገባት የደግነት ሥራ ይመስላል፤ ስንት ቤት አጨልሟል። ክፍሉን ማሞቅ አያስፈልግም፤ አልጋው ይሙቅ። መብራት ሲጠፋም ሻማ ከአልጋው አጠገብ አይቀመጥ። ስፖንጅ በፍጥነት ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

ደረጃ 6፦ አንሶላ

ጥጥ ይሁን። ሻጩ ጥጥ ነው ሲልዎ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘው ከሱቁ ውጭ በክብሪት ያቃጥሉ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ በጣት የሚፈጭ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ያያሉ።

ልኩን ሲያሠሩ ሒሳቡ ይህ ነው፤ የፍራሹ ወርድ፣ ሲደመር ውፍረቱ ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር ከስር ለመታጠፍ በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር። ለ90 በ190፣ 15 ውፍረት ላለው ፍራሽ 160 በ260 ይሆናል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚጠብ ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ። በሠፈሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ በአራቱ ማዕዘን ላስቲክ ቢገባበት፣ የሚገላበጥ ልጅ እንኳ አንሶላውን ሰብስቦ ግርጌ አያደርሰውም።

ለአንድ ልጅ ሦስት ቅያሪ ይያዙ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ በረንዳ ላይ ሦስት ቀን በሚያድርበት ሠፈር ሁለት አይበቃም።

ትራስ ከሁለት ዓመት በፊት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላም ስስ፣ የልጁ አንገት ከጀርባው ጋር የተስተካከለ እንዲሆን የሚያደርግ ብቻ። የአዋቂ ትራስ አንገቱን ያጥፈዋል።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ አልጋ መግዛት ነውር የለውም፤ ጥሩ እንጨት የሚገኘው ብዙ ጊዜ አሮጌው ላይ ነው። ያገለገለ ፍራሽ ግን አይግዙ። አልጋውንም ቤት ከማስገባትዎ በፊት ደጅ ላይ ፈትተው በየብሎኑ ቀዳዳ፣ በየመጋጠሚያው በባትሪ ይመልከቱ። እንደ ቀለም ብዕር ነጥብ ያሉ ጥቁር ምልክቶች የትኋን ናቸው። የፈላ ውሃ በየስንጥቁ ያፍስሱ፣ ያድርቁት፣ ይድገሙት። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት እርጥበትና ሽታ ያስወጣል፤ ትኋንን ግን ብቻውን አያጠፋም፤ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻልና። አንሶላና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሞቀ ውሃ ይታጠብ። መኝታ ክፍል ውስጥ በየሱቁ የሚሸጥ ምንነቱ ያልታወቀ ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ አይርጩ፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እሱን ነው።

ደረጃ 8፦ ሌሊት ይፈትሹት

አልጋው ቆሞ፣ ሁሉም ተነጥፎ ሲያልቅ አንድ ነገር ይቀራል። ብርዱ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነውና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥተው ወደ ልጆቹ ክፍል ይግቡ። እጅና እግሩን አይንኩ፤ የልጅ እጅ ሞቆትም ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ይዳብሱ። ካላበው አንድ ድርብ ያንሡለት፤ ከቀዘቀዘ ከላይ ከመጨመርዎ በፊት ከስር ያለውን ይመልከቱ። ከዚያ መዳፍዎን በፍራሹና በአግዳሚው መካከል አስገብተው ከታች በኩል ይንኩት። ደረቅ መሆን አለበት። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አንሶላ በምቀይርበት ቅዳሜ፣ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁሜ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ገልብጬ እመልሰዋለሁ።